የፍሪስታይል ፍሬም ስታሠራ ከትከሻው ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌትህ 20 ኢንች ነው፤ ጎማው ደህና ሆኖ ሳለ የፍሬሙ ትከሻ ክብ ስለሆነ እግርህን የምታሳርፍበት አጥተሃል። እዚሁ ጎንደር ብየዳ ቤት ላሠራ ወይስ ከውጭ እስኪመጣልኝ ልጠብቅ፣ ብረት ይሻላል ወይስ አልሙኒየም ብለሃል። አሠራ። እኔ ሁለት አሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ተበላሽቶ ተጣለ፣ በሁለተኛው እስከ ዛሬ እለማመዳለሁ።

ከሁሉ በፊት ስለ ትከሻው አስብ፤ ሁለቱ የፍሬሙ እግሮች ከኮርቻው ቱቦ ጋር የሚገናኙበትን ማለቴ ነው። በፍሪስታይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ በሚሠራ ትርኢት፣ ብዙው ውበት የሚመጣው ፔዳሉን ስትተው ነው። አንዱ እግርህ ጎማውን ከላይ እየገፋ ሌላው ትከሻው ላይ ይቆማል፤ ኮርቻውን ለቀህ ስትቆምም የምትተማመነው በዚያችው ቦታ ነው። ክብ ትከሻ ላይ ጫማ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከቱቦው ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ሆኖ የጫማህን ሶል የሚሸከም ይሁን። ጠፍጣፋ ትከሻ ግን ማዕዘን አለው፤ ማዕዘኑም ጉልበትን ይመታል። የኔ ጉልበት በውስጥ በኩል ተልጦ ለቀናት አንክሼ ነበር። ማዕዘኖቹ በሞረድ እስኪለሰልሱ ድረስ ከብየዳ ቤቱ አትውጣ።

ቀጥሎ በጎማውና በትከሻው መካከል ያለው ክፍተት ነው። በጣም ከጠበበ ጭቃና ጠጠር ይይዛል፤ ከሰፋ ደግሞ ጎማውን የሚገፋው እግርህና የቆምክበት እግር ከፍታቸው ተለያይቶ ሚዛን ያሳጣሃል። ለእኔ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ተስማምቶኛል። 20 በ1.95 የሆነ ጎማ ከዘንጉ መሐል እስከ ጫፉ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንተ ግን በዚህ አትመን፤ የራስህን ጎማ በደንብ አስነፍተህ ለካ። ያልተነፋ ጎማ ለክተህ ብታሠራ በኋላ አየር ስትሞላው ክፍተቱ ይጠብብሃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመጀመሪያው ፍሬሜ የተበላሸው በኩሽኔታ ቤቶቹ፣ ማለትም የጎማው ዘንግ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች በፍሬሙ እግሮች ጫፍ በሚቀመጡባቸው ክፍሎች ነው። በያጁ በርና መስኮት ሲሠራ እንከን የማይወጣለት ሰው ነበር። ነገር ግን የኩሽኔታ ቤቶቹን ከቱቦው ጋር አንድ በአንድ፣ ምንም ሳያስርባቸው በየዳቸው፤ የብየዳው ሙቀትም አንዱን ወደ ውስጥ ሳበው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም ነበር። ስነዳው ግን ብስክሌቱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጎትተኛል፤ እኔም ስህተቱ የራሴ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ወገቤን ሳስተካክል ከረምኩ። ያ ጊዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛውን ሳሠራ መጀመሪያ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ሁለቱን የኩሽኔታ ቤቶች በአንድ ጊዜ የሚይዝ ወፍራም የብረት ዘንግ አስቆረጥኩ፤ ሁለቱ ጫፎቹ ልክ እንደ ኩሽኔታዎቹ የውጭ ስፋት የተላጡ ናቸው። የአንተን ኩሽኔታ ቁጥር አንብብ፦ 6203 ከሆነ የውጭ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዘመናዊው አይሲስ የሚባለው የጎማ ማዕከል ከሆነ ብዙውን ጊዜ 42 ነው። በያጁ ቤቶቹን በዘንጉ ላይ አጥብቆ አስሮ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበይድ፤ በመካከልም ያቀዝቅዘው። ውኃ አያፍስበት። የራስህን ጎማ አስገብቶ እንዲበይድ ደግሞ ፈጽሞ አትፍቀድ፤ ሙቀቱ ግራሶውን ያቃጥላል፣ በኩሽኔታው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ኳሶቹን ያቆስላቸዋል።

ስለ ብረቱ ብዙ አትጨነቅ። አልሙኒየም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በብየዳው ዙሪያ ያለው ክፍል ጥንካሬውን ያጣል፤ ጥንካሬውን ለመመለስ ደግሞ በልዩ ምድጃ በሙቀት መታከም አለበት። ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት የብረት ቱቦ ካገኘህ እሰየው። ካላገኘህ ግድግዳው ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የብረት ቱቦ ይበቃሃል፤ ፍሪስታይል ከከፍታ መዝለል አይደለም፣ ጥቂት ግራም መጨመሩም የሚያስቸግርህ አይመስለኝም።

የኮርቻው ቱቦ ከተበየደ በኋላ ውስጡን በሞረድ አስጠርገው፤ የብየዳ ፍንጣሪ ከቀረበት ኮርቻው አይገባም። ቀለሙ የፈለግኸው ይሁን፤ ትከሻው ላይ ግን በጫማህ ምክንያት በሳምንታት ውስጥ ይነሳል፤ ክረምት ሲገባም ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። እኔ ቀለም በተቀባው ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጣብቄበታለሁ፤ ጫማንም ይይዛል።

ስትረከብ እዚያው ገጥመህ ገልብጠህ አሽከርክረው። በግራና በቀኝ ያለው የጎማው ክፍተት እኩል መሆኑን እይ፤ ከዚያ ጎማውን አውጥተህ ግራ ቀኙን አዙረህ መልሰህ ግጠመው። ጎማው አሁንም ወደዚያው ወደ ቀድሞው የፍሬም እግር ከተጠጋ ጥፋቱ የፍሬሙ ነው፤ ወደ ሌላኛው ከዞረ የጎማው ነው። በመጨረሻ ጎማውን ወደ መጀመሪያው አቅጣጫ መልሰው፤ የግራው ፔዳል በግራ በኩል መሆኑን እንዳትረሳ። የኩሽኔታ ቤቱን ቡሎኖች ስታጠብቅ ጎማው በነፃ መዞሩን እስኪቀንስ ድረስ አትሂድ፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ኩሽኔታውን ያደቅቀዋል።

በፒያሳ ድንጋይ ንጣፍ ላይ አትሞክረው፤ ለስላሳ ሲሚንቶ ያለው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ፈልግ። የ42ቱ ዘንግ እኔ ዘንድ አለ። የአንተም 42 ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራዳ ገበያ አካባቢ ስለምገኝ መጥተህ ውሰደው፤ ስትጨርስ ትመልስልኛለህ።