ቪትዝህን በድንጋጤ አትሽጣት

የነዳጅ መኪና ስለተከለከለ ቪትዜን ልሽጣት ወይ ላልከው፣ በ2016 ዓ.ም. የተከለከለው የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ነው። አገር ውስጥ ያለችውን መንዳትም መሸጥም ማንም አልከለከለህም።

ኤሌክትሪክ መኪና በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል ወይ ላልከው፣ ያለ ችግር ይገባል። ከኮምቦልቻ ደሴ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ለአንድ ቶን ተኩል መኪና ዳገቱ ራሱ የሚጨምረው 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ቁልቁል ስትመለስ ደግሞ ከፊሉን ታስመልሳለህ።

«እውነት ለአየር ንብረቱ ብለው ነው?» ያልከውን በተመለከተ፣ በእኔ እይታ ከጭሱ ይልቅ መንግሥትን ወደ ክልከላው የገፋው ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ነው። ግን መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ጭሱም አብሮ ይቀንሳል። ምን ቸገረን!

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተህ ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ አትውረድ። መኪናው ቁልቁለት ላይ ራሱን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚያስገባበት ስለሌለው መያዙ ይላላል። እኔ ሌሊቱን ሰክቼው አድሬ በጠዋት ወረድኩ። ሐረጎን ሳልጨርስ እግሬ ፍሬን ላይ ተተክሎ ሸራው ሸተተ። አሁን 80 ሲደርስ እነቅለዋለሁ።