ሲፒዲው ከሞላ በኋላ

ሰሞኑን ከራውንድ (ሕሙማንን በየአልጋቸው ከምናይበት ጉብኝት) ስንወጣ አንዲት ኢንተርን፣ ተለማማጅ ሐኪም፣ «ዶክተር፣ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን ሲፒዲ፣ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻውን ሥልጠና፣ ከሞላን አይበቃም?» አለችኝ። አይበቃም አልኳት። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ትኩሳት ገባ። ሰው መገጣጠሚያውንና ከዓይኑ ጀርባ እያመመው ይመጣል። ወባ ነው ብለን ደም እናስመረምራለን፤ የለም። በኋላ በትንኝ የሚተላለፈው የቫይረስ በሽታ፣ ዴንጊ፣ መሆኑ ተረጋገጠ። ያኔ አንድ አንጋፋ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ማይክሮስኮፑ አጠገብ ጠርዙ የተበላ ደብተር ያስቀምጣሉ። ትኩሳት ያለበት ሰው ወባ ካልተገኘበት ቀኑን፣ ዕድሜውንና ሰፈሩን ይጽፋሉ። ሰውየው ሲመለስ ደግሞ ምን ሆኖ እንደተገኘ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ይጨምራሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ከተማውን ጸጥ ሲያሰኘው፣ ገጾቹን እያገላበጡ «ይሄን ሰፈር ምን ነካው?» ይሉ ነበር። ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ደብተሩ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን እንኳ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ ቢያሳዩኝ ኖሮ!

ከዚያ ወዲህ በ2011 ሌላው ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ፣ ቺኩንጉንያ፣ መጣ። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋው ተነሳ። እኛ የተማርነው ወባ ክረምቱን ተከትሎ የሚመጣ፣ ይበልጥ የገጠር በሽታ ነበር። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ግን ውሃ ባጠራቀምንበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ትራባለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። ሕክምናውም ተለውጧል። ለከባድ ወባ ኩዊኒን እንሰቅል ነበር፤ ዛሬ በመጀመሪያ የሚሰጠው አርቴሱኔት ነው።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ስታከማቹ አያለሁ፤ ስታነቡት ግን ብዙም አላይም። በራውንድ ሰዓት ስልክ ስታወጡም ደስ አይለኝም። የመድኃኒት መጠን ሲጠፋኝ ግን «እስቲ እዩልኝ» የምለው እናንተኑ ነው።

አንብቡ ብዬ መምከር አያስፈልገኝም፤ ታውቁታላችሁ። ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የጻፋችሁለትን ሰው ግን መጨረሻውን አጣሩ። ደውሉ። የጠረጠራችሁትንና የተገኘውን አጠገብ ላጠገብ ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም። የላብራቶሪ ውጤት ግራ ሲያጋባችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ አትቁሙ፤ ገብታችሁ ስላይዱን አብራችሁ እዩ። ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሁሉ ደግሞ ቤቱ ውሃ በምን እንደሚያጠራቅምና ክዳን እንዳለው ጠይቁት።