ቲቢ በዘር ይወረሳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴን በወጣትነቱ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር። አክስቴም ታማ ድናለች። ባለፈው ወር ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ቲቢ እንዳለበት ተነገረው። በቅርቡ ላገባ ነው፤ የእጮኛዬ እናት ይህን ሰምተው «በዘራቸው አለ» እያሉ ነው። እውነት በዘራችን አለ? ልጆቼስ ይወርሱታል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ወንድምሽን እግዜር ይማረው። ቲቢ አይወረስም። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ያሳወቀው ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው፤ የሚተላለፈውም የታመመ ሰው ሲያስል በአየር ነው።

ዘር ግን ጨርሶ የለበትም ማለቴ አይደለም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል፤ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። የቀሩት ሳይታመሙ ይኖራሉ። ለምን? አንዱ ምክንያት ከወላጅ የምንወርሰው የመከላከል አቅም ነው። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንታዎች አንዱ ሲታመም ሌላውም የመታመም ዕድሉ ከማይመሳሰሉት መንታዎች ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ሳንባ ሲደርስ ማክሮፌጅ የሚባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይውጡታል። ችግሩ፣ ተውጦም አይሞትም፤ እዚያው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ማክሮፌጁ ኢንተርሉኪን 12 የሚባል መልእክት ይልካል፣ ቲ ሴሎች የሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ደግሞ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክት ይመልሱለታል፣ ያን ጊዜ ጉልበት አግኝቶ የዋጠውን መግደል ይጀምራል። መልእክቱን የሚሠሩትም የሚቀበሉትም ፕሮቲኖች የሚሠሩት ከወላጅ በወረስናቸው መመሪያዎች፣ በዘረመሎቻችን (ጂን) ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢንተርፌሮን ጋማ መቀበያቸው ከልደት የተበላሸ ልጆች ተገኙ፤ ሌላውን ሰው የማይነካ ደካማ ባክቴሪያ፣ በቢሲጂ (የቲቢ መከላከያ) ክትባት ውስጥ ያለው እንኳ ሳይቀር፣ ክፉኛ የሚጥላቸው ልጆች ነበሩ። ይህ እጅግ ብርቅ ነው። ከዚያ የቀለለም አለ፤ ታይክ 2 በሚባል ዘረመል ላይ ያለ አንድ ለውጥ፣ ከአባትም ከእናትም ከተወረሰ፣ ለቲቢ ያጋልጣል። ከአውሮፓ የዘር ሐረግ ከመጡ ሰዎች ከ600 አንዱ እንዲህ ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ ከተወረሰ ግን ያን ያህል አያሰጋም። ሌሎች ብዙ ለውጦችም ተጠንተዋል፤ የአብዛኞቹ ድርሻ ትንሽ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልመለስ። ሦስት ሰው ስለታመመ ብቻ «ዘር ነው» ማለት አይቻልም። አንድ ቤት የሚያድር ሰው አንድ አየር ነው የሚተነፍሰው! በዚያ ላይ ኤችአይቪ፣ የምግብ እጥረት፣ ስኳር በሽታና ሲጋራ ለቲቢ በር ይከፍታሉ፤ ከተራዎቹ የዘረመል ለውጦች የእነሱ ጉልበት ይበልጣል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ «በዘራቸው አለ» የሚባለው ወሬ ነው፤ ሰው አፍሮ ሳሉን ይደብቃል፣ ሳይታከም ይቆያል፣ ቤተሰቡንም ያስይዛል።

ስለ ልጆችሽ ከአሁኑ አትጨነቂ፤ የዘረመል ምርመራም አያስፈልግሽም። ከቢሲጂ በኋላ ክፉኛ የታመመ ወይም ከባድ ኢንፌክሽን የሚመላለስበት ሕፃን በዘመድ ውስጥ ካለ ግን ለሐኪም ተናገሪ። ወንድምሽ መድኃኒቱን፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፣ ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጥ። በትክክል ከወሰደው ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉ ቶሎ ይቀንሳል። አንቺና የቤቱ ሰው ሁሉ ተመርመሩ፤ ባክቴሪያው ገብቶ ገና ላልታመመ ሰው መከላከያ መድኃኒት አለ። እጮኛሽም እናንተ ቤት ብዙ የሚያመሽ ከሆነ አብሯችሁ ይመርመርና ውጤቱን ለእናቱ ይዞላቸው ይሂድ።