«ምጽዋት ነው» ከተባለ ሒሳብ አይጠየቅም?

ጥያቄ፦ የአባቴ እህት 78 ዓመታቸው ነው፤ ልጅ የላቸውም። ከመንዝ አምጥተን ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የአረጋውያን ማዕከል አስገባናቸው። ማዕከሉ የበጎ አድራጎት ድርጅት ቢሆንም ከከተማው አስተዳደር ድጎማ ያገኛል፤ እድሮችም ያዋጡለታል። በሄድኩ ቁጥር በስስ አንሶላ ተጠቅልለው ሲንቀጠቀጡ አገኛቸዋለሁ። ሲገቡ ምን እንደሚል ያልተነበበላቸው ወረቀት ላይ በአውራ ጣታቸው አስፈርመዋቸዋል። ገንዘቡ የት ይገባል ብዬ ብጠይቅ «ምጽዋት ነው፤ አንቺ ኦዲተር ነሽ?» አሉኝ። ሰሞኑን ደግሞ «ዘመድ ስላላቸው ወይ ክፈሉ ወይ ውሰዷቸው» የሚል ደብዳቤ ሰጡን። አባቴ አቅም የለውም። ማነው የሚቆጣጠራቸው? እኔስ መክፈል አለብኝ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳዎት የመጨረሻው ስለሚመስለኝ ከእሱ ልጀምር። እርስዎ በሕግ አይገደዱም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ቀለብ የመስጠት ግዴታ ያለው በወላጅና በተወላጅ፣ እንዲሁም በወንድምና በእህት መካከል ነው። የወንድም ልጅ አልተጠቀሰችም። አባትዎ ግን ወንድም ናቸውና ግዴታው ይመለከታቸዋል። ቢሆንም ፍርድ ቤት ቀለብ የሚቆርጠው የጠያቂዋን ችግር ከሰጪው አቅም ጋር አመዛዝኖ ነው፤ ከሌለው ላይ አይቆርጥም። ቀለብ የመጠየቅ መብትም የአክስትዎ እንጂ የማዕከሉ አይደለም። የሰጧችሁ ደብዳቤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳልሆነ ይወቁ። አክስትዎ ሲገቡ እርስዎ ወይም አባትዎ እንደ ዋስ የፈረማችሁት ነገር ካለ ግን መልሱ ሊለወጥ ይችላል፤ ቅጂውን ሳታዩ በጽሑፍም በቃልም ምንም አትመልሱ።

የጣት አሻራው ነገር ከክፍያው ይልቅ አሳስቦኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው የጣት ምልክት ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። አክስትዎ ፊደል ካልቆጠሩ፣ በማዕከሉ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የተደረገ አሻራ ብቻውን አያስራቸውም። ወረቀቱ ቤትን የሚመለከት ስጦታ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም (በምስክሮች ፊት ተነብቦ በሚፈረምበት ሥርዓት) ካልተደረገ ዋጋ የለውም (ቁጥር 2443)። መንዝ ላይ መሬት አላቸው? ካላቸው አንድ ሰው ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይላኩና በስማቸው የተመዘገበ ስጦታ ወይም ኪራይ መኖር አለመኖሩን ያጣራ። የገጠር መሬት የሚተላለፈው በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ (252/2009) ሥርዓት ስለሆነ፣ ተላልፎ ከሆነ እዚያ ይገኛል።

ወደ ቁጥጥሩ ልምጣ። ምጽዋትም ቢሆን ሒሳብ አለው፤ ጥያቄው ለማን ነው የሚቀርበው የሚለው ነው። እርስዎ በነገሩኝ መሠረት ገንዘቡ የሚመጣው ከሦስት ኪስ ነው። የእድሩ ቀላል ነው፤ አባል ከሆኑ በስብሰባ ላይ ተነስተው ያዋጣነው ምን ላይ ዋለ ይበሉ።

ሁለተኛው የከተማው ድጎማ ነው። ምክር ቤት ያጸደቀው የሕዝብ በጀት እስከሆነ ድረስ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ይጠየቅበታል። የመረጃ ነፃነት አዋጁ (590/2000) ማንም ሰው ለምን እንደፈለገው ሳይናገር የመንግሥት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ስለዚህ ለከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ ይጻፉ። ከማዕከሉ ጋር የተፈረመውን ስምምነት፣ ያለፈውን በጀት ዓመት (ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30) የድጎማ መጠን፣ የመጨረሻውን የክትትልና ድጋፍ ሪፖርት ቅጂ ይጠይቁ። በቃል አይጠይቁ፤ ደብዳቤውን ገቢ አስደርገው ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዙ። ቀኑ ካለፈ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበሉ፤ ክፍያ የለውም።

ስለ ክትትልና ድጋፍ የማውቀውን ልንገርዎ። ቀድሞ ይደወላል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ ከመጋዘን አዲስ ብርድ ልብስ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ «በርቱ» ተብሎ ይፈረማል። ይህን ቁጥጥር ብሎ መጥራት ይከብደኛል። እርስዎ በደብዳቤዎ የመምሪያው ሰዎች ሳይነገር፣ በማታ ወይም ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል እንዲገቡ ይጠይቁ፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ በቀትር አይታይም። (በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ውስጥ ይህን መጻፌ ራሱ ያስገርማል።)

ሦስተኛው ከለጋሾች የሚመጣው ነው። ድርጅቱ የት እንደተመዘገበ መጀመሪያ ይወቁ። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ከሆነ የሚመለከተው አዲስ አበባ ያለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ በአማራ ክልል ብቻ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ የሰጠው የክልሉ አካል። በባለሥልጣኑ የተመዘገበ ከሆነ፣ አዋጅ 1113/2011 የበጎ አድራጎት ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ዓመታዊ ሪፖርትና የተመረመረ ሒሳብም ያስገድዳል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ አረጋውያኑን የሚያጥቡና የሚመግቡ ሠራተኞች ደመወዝ አስተዳደራዊ ወጪ አይደለም። «ለሠራተኛ ብዙ ይከፍላሉ» የሚል አቤቱታ በዚህ ይወድቃል። «የተገዛው ብርድ ልብስ መዝገብ ይታይ» ይበሉ።

«መንግሥትን ከስሼ ድጎማውን ላስጨምር» ካሉኝ ግን አልመክርዎትም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41(5) መንግሥት ለአረጋውያን ድጋፍ የሚሰጠው አቅም በፈቀደ መጠን ነው ስለሚል፣ የበጀት ማነስን ክስ ማድረግ አድካሚ ነው። ተመድቦ የወጣ ገንዘብ ላይ ግን የአቅም ክርክር አይነሳም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ የአረጋውያን መብቶች ፕሮቶኮልም አንቀጽ 11 በማዕከል የሚኖሩ አረጋውያን ብሔራዊ ዝቅተኛ መመዘኛን ያሟላ እንክብካቤ እንዲያገኙ ያዛል፤ የጸደቀ ስምምነት በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ነውና በአቤቱታዎ ላይ ይጥቀሱት። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የአረጋውያንን ጉዳይ የሚከታተል ክፍል ስላለው ቅጂ ይላኩለት።

በተረፈ አክስትዎ መንዝ ሳሉ በሴፍቲኔት ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ (መሥራት ለማይችሉ ችግረኞች በሚሰጠው ክፍያ) ተመዝግበው ነበር? ከነበሩ ክፍያውን አሁን ማን እንደሚወስድ ይጠይቁ። የጤና መድን መታወቂያቸው መታደሱንም ይዩ።

«ውሰዷቸው» ያሉትን በተመለከተ፣ ራሳቸውን መርዳት የማይችሉ ሰው በኃላፊነት ተቀብሎ በር ላይ መጣል በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል። ሊያስወጧቸው ከተነሱ ያንኑ ቀን ለመምሪያው በጽሑፍ ያሳውቁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን በእርስዎ ስም ብቻ ሩቅ አይሄድም። አክስትዎ በፍርድ ቤት አልተከለከሉም፣ ማለትም ራሳቸውን ማስተዳደር አይችሉም ተብሎ አልተፈረደባቸውም፤ ስለ ራሳቸው የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። በደብዳቤዎ ውስጥ እዚያው መቆየት ይፈልጉ እንደሆነ ወይም መንዝ መመለስ እንደሚሹ አላነበብኩም። ለብቻቸው አግኝተው ይጠይቋቸው፤ ከተስማሙም ውክልና ለማረጋገጥ ሥልጣን ባለው አካል ፊት፣ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ተነብቦላቸው ይስጡዎት።