የካስቴል ጋንዶልፎ ዳገትና የአልባኖ ሐይቅ ዙር፦ ለሯጮች ጥያቄና መልስ

ከሮማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ሲባል፣ ካስቴል ጋንዶልፎ የተባለችው ትንሽ ከተማ በአልባኖ ሐይቅ አፋፍ ላይ ተቀምጣ ትገኛለች። ዓለም የሚያውቃት የሊቃነ ጳጳሳት የበጋ ማረፊያ በመሆኗ ነው። እኔ የማውቃት በዳገቷና በጫካ መንገዶቿ ነው። እዚሁ ሮማ ካሉ ሯጮችም ከአገር ቤት ከሚመጡም ጥያቄ ስለሚበዛ፣ የደረሱኝን ሰብስቤ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሐይቁን መዞር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ገና ሩጫ የጀመረ ሰው ይችለዋል?

ዙሩ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይችለዋል፤ ነገር ግን በአስፋልት ላይ ከለመደው 10 ኪሎ ሜትር ጋር አንድ አድርጎ መመልከት የለበትም። በከተማዋ ሥር ያለው ዳርቻ የተነጠፈ መንገድ፣ ምግብ ቤቶችና የመዋኛ ዳርቻዎች ያሉበት ሜዳ ነው። ከዚያ አልፎ ያለው ደን ነው፤ መንገዱ ይጠባል፣ ሥር ይበዛበታል፣ ይወጣል ይወርዳል። በአስፋልት ላይ በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው እዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ ይመድብ። ሌላው የሚዘነጋ ነገር ከሐይቁ ወደ ከተማዋ የሚመልሰው ዳገት ነው። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 293 ሜትር ላይ ነው፤ ከተማዋ 426 ሜትር ላይ ናት። ሩጫውን ጨርሳችሁ እግራችሁ ሲዝል ይህ ሁሉ ዳገት ይጠብቃችኋል፤ ጉልበታችሁን ሁሉ ታች አትጨርሱ።

ጥያቄ፦ በየት በኩል ልጀምር?

በተነጠፈው በኩል ጀምሩ። ሰውነት ሳይሟሟቅ ሥርና ድንጋይ ላይ መግባት ለቁርጭምጭሚት ጥሩ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ ግን እኔ ራሴ አዙሬ እሮጣለሁ። ሐይቁን በምሥራቅ የከበበው ገደል የጠዋትን ፀሐይ ስለሚከልል ደኑ ለረጅም ሰዓት ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ በምዕራብ ያለው ዳርቻ ደግሞ ፀሐይዋ እንደ ወጣች ፊት ለፊት ይመታዋል። ያኔ ለማሟሟቂያ መጀመሪያ በእግር መራመድ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ለአንድ ወር ልመጣ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ የምለማመድ ሰው ነኝ። እዚያ ሩጫው ይቀለኛል?

ትንፋሽ ይቀልሃል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በጣም ትደሰታለህ። ችግሩ እሱ ነው። ሳንባህ አልደከመም ብለህ ፍጥነት ስትጨምር የሚመታው ባትና ጉልበት ነው፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ። በበጋ ደግሞ ሙቀቱ አዲስ አበባ ላይ ከምታውቀው የተለየ ነው፤ አየሩ እርጥበት ስላለው ላብ ቶሎ አይደርቅም። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥተህ ከ3 ሰዓት በፊት ጨርስ። ውኃም ይዘህ ሩጥ፤ በደኑ ውስጥ የሚጠጣ ውኃ አገኛለሁ ብለህ አትተማመን።

ቢሾፍቱን ካወቅህ ቦታው እንግዳ አይሆንብህም። አልባኖም እንደ ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 170 ሜትር ይደርሳል። ለዚህ ነው ከየትኛውም አቅጣጫ ብትመጣ መጀመሪያ ወደ አፋፍ ወጥተህ ከዚያ የምትወርደው። ለመዋኘት ካማረህም ይህንን አትርሳ፤ ከዳር ትንሽ ራቅ እንዳልህ መሬቱ ይከዳሃል።

ጥያቄ፦ አበበ ቢቂላ በዚህ ሮጧል የሚባለው እውነት ነው?

ውድድሩ በዚህ አላለፈም። በ1960 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ይህ ሐይቅ የቀዘፋና የታንኳ ውድድሮች የተካሄዱበት ነበር። ማራቶኑ የተነሣው ሮማ ውስጥ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ነው፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ በችቦ ብርሃን ተመልሶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ተጠናቀቀ። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ያኔ የአክሱም ሐውልት ከመጨረሻው መስመር ብዙም ሳይርቅ ሮማ ውስጥ ቆሞ ነበር። ዛሬ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ዝምድናው ግን ጨርሶ የለም አልልም። አበበ የሮጠበት የአፒያ መንገድ ከሮማ ወጥቶ ሲቀጥል በካስቴል ጋንዶልፎ ኮረብታ ግርጌ አልፎ አልባኖ ከተማን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃል። ጠዋት ከአልባኖ ስነሣ ይህንን መንገድ እሻገራለሁ፤ ሁልጊዜም አስበዋለሁ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው በባዶ እግር ልሞክረው?

በተነጠፈው ዳርቻ እንደ ፈቃድህ። ደኑ ውስጥ ግን አይሆንም። የሚበዛው ዛፍ ካስታኞ ነው፤ ፍሬው ተቆልቶ የሚበላ ነው፤ በጥቅምት ይወድቃል። ፍሬው የሚወድቀው እንደ ጃርት ሙሉ በሙሉ እሾህ በሆነ ልባስ ውስጥ ነው። ልባሱ ሲደርቅ ቡናማ ይሆንና ከረገፈው ቅጠል ጋር ይመሳሰላል፤ እሾሁ ቀጭን ስለሆነ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ በስስ ካልሲም ያልፋል። ጫማችሁ ከሥሩ ጥርስ ያለው፣ ለጫካ ሩጫ የተሠራ ይሁን። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ያንሸራትታል፤ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው የሌቾ ዛፍ ቅጠል ደግሞ ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ሲተኛ አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት እያደርኩ አረጋዊት እናት እንከባከባለሁ። የምወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው። ብቻዬን ብመጣ ምን ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ እንደ አንቺ ያሉ ብዙ እህቶቻችን ያላቸው ጊዜ ይኸው ስለሆነ በደንብ ልመልስልሽ። የእሑድ ጠዋት ለሁሉም ነገር ተስማሚ ነው። ሐይቁን የሚዞሩ ቤተሰቦች፣ ሯጮችና ብስክሌተኞች ስለሚኖሩ በደኑም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ብቻሽን አትሆኚም። ቀደም ብለሽ ድረሺ፤ ሊቀ ጳጳሱ ከተማዋ ውስጥ በሚሆኑበት የበጋ እሑድ ከረፋዱ ጀምሮ አደባባዩና ባቡሩ ይጨናነቃሉ።

ሐሙስ ግን ደኑን ተዪው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ትጠልቃለች፤ ታች ሐይቁ ዳር ደግሞ አፋፉ ስለሚከልላት ጨለማው ቀድሞ ይደርሳል። በተነጠፈው ዳርቻ ሄደሽ ተመለሺ። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ሦስት መመለስ፣ ከዚያ ወደ ጣቢያው የሚወስደውን ዳገት በፍጥነት መራመድ፣ ለሳምንት የሚበቃ ልምምድ ነው። ሥራሽ ሰው ማንሣትና ማዞር ያለበት ከሆነ ወገብሽ አስቀድሞ የደከመ ነው፤ ከቁልቁለት ሩጫ ይልቅ ዳገት መራመድ ይሻልሻል። ባቡሩ በነጠላ ሐዲድ ስለሚሄድ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፤ የመመለሻሽን ሰዓት ሳታዪ ከጣቢያው አትውጪ።

ጥያቄ፦ ከሮማ እንዴት ነው የሚመጣው? ልብስ መቀየሪያስ?

ከሮማ ዋና ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ ወደ አልባኖ በሚሄደው ባቡር እስከ ካስቴል ጋንዶልፎ 40 ደቂቃ ያህል ነው። የወረቀት ቲኬት ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት በማሽኑ አስመቱት። ጣቢያው በከተማዋና በሐይቁ መካከል፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ደረቅ ልብስ በትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይዛችሁ ሩጡ።

ጥያቄ፦ የዱር አሳማ አለ ይባላል። ያስፈራል?

አለ። ቦታው ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክልል ፓርክ ነው፤ አደን የተከለከለ ነው። አሳማው ሰው ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል። ግልገሎች ካየህ እናታቸው ቅርብ ናትና ቁም፣ ሳትሮጥ ወደ ኋላ ተመለስ። ጆሮህን በሙዚቃ አትድፈን። እኔን ከአሳማው ይልቅ የሚያሳስበኝ መዥገር ነው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ረጅም ሣር ውስጥ ካለፋችሁ ቤት ስትገቡ ከጉልበት ጀርባና ከወገብ ዙሪያ ተፈታተሹ። አደጋ ከደረሰ የሚደወለው 112 ነው።

ጥያቄ፦ የሐይቁ ውኃ ቀንሷል፤ አዲስ የተገለጠው ዳርቻ ላይ መሮጥ ይቻላል?

እባካችሁ አትሩጡበት። አንደኛ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ጭቃ ነው። ሁለተኛ፣ ከነሐስ ዘመን ጀምሮ በውኃ ሥር የነበረ መንደር ቅሪት በዚህ ዳርቻ አለ፤ በ1984 እ.ኤ.አ. የተገኘ ነው፤ የእህል መፍጫ ድንጋዮቹ ሳይቀሩ እዚያው ናቸው። ውኃው ሲሸሽ እነዚህ ነገሮች ለፀሐይና ለእግር ተጋልጠዋል።

የመቀነሱ ዋና ምክንያት በአካባቢው ከጉድጓዶች የሚሳበው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የዝናብ እጥረትም ታክሎበታል። የሚያሳዝነው ይህ ሐይቅ በጥንት ጊዜ የነበረበት ችግር ተቃራኒው መሆኑ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት መባቻ ከካስቴል ጋንዶልፎ ሥር 1,400 ሜትር ያህል አለት ሰርስረው መፍሰሻ አበጁ፤ ውኃው ከዚያ በላይ ከፍ እንዳይል ነው። ለዘመናት ደረጃውን የጠበቀው ያ መተላለፊያ ነው። ዛሬ ሐይቁ ከመፍሰሻው አፍ በታች ወርዷል። እዚህ የምንሮጥ ሁሉ ይህንን እያየን ዝም ማለት የለብንም፤ የአካባቢው ሰዎች ስለ ሐይቁ ስብሰባና ሰልፍ ሲጠሩ እኛም መገኘት አለብን።

ጥያቄ፦ ሐይቁ አልበቃኝም፤ ጠንካራ ዳገት የት አለ?

ሞንቴ ካቮ። 949 ሜትር ነው፤ ከውኃው ዳር ከተነሣህ ከ650 ሜትር በላይ ትወጣለህ። የላይኛው ክፍል ቪያ ሳክራ የተባለው የሮማውያን መንገድ ነው። ጥቁር የባዛልት ድንጋዮቹ ጠርዛቸው ሳይቀር በቦታቸው አሉ፤ በደኑ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጫፉ ላይ የሮማውያን አምላክ የጁፒተር ቤተ መቅደስ ነበረ። በሮማ የድል ሰልፍ የተነፈጉ አንዳንድ የጦር አዛዦች ሰልፋቸውን በዚህ መንገድ አድርገዋል።

ለመውጣት ግሩም ነው፤ የእርምጃህን ርዝመት ድንጋዩ ራሱ ይወስንልሃል፣ አጭር አጭር ትረግጣለህ። ለመውረድ ግን አልመክርም። ድንጋዮቹ በዘመን ብዛት ተሞልጠው አንጸባራቂ ሆነዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ደግሞ የእግር ጣት ይይዛል። በእግር ውረድ፣ ወይም ከድንጋዩ ዳር ያለውን አፈር ተከተል። ጫፉ ላይ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ አንቴናዎች ሞልተዋል፤ ይህ ቅር ያሰኛል። ከዚያው አካባቢ ግን አየሩ ጥርት ባለ ቀን ባሕሩ ድረስ ይታያል።

ጥያቄ፦ እናቴ ከኢትዮጵያ መጥተዋል። እኛ ስንሮጥ እሳቸው የት ይቆዩ?

ላይ፣ ከተማዋ ውስጥ። ሐይቁ ከአፋፉ ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል፤ የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ ክፍት ነው። ወደ ሐይቁ ዳር ከወሰዳችኋቸው ግን የመመለሻው ዳገት ለጉልበታቸው ከባድ ስለሆነ መኪና አዘጋጁ።

ጥያቄ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለኝ። አንድ መንገድ ምረጥልኝ።

የሐይቁን ዙር ሳይሆን የአፋፉን መንገድ እመርጥልሃለሁ። ባቡሩን እስከ መጨረሻው፣ እስከ አልባኖ ተሳፈር። ከከተማዋ በላይ ወዳለው የካፑቺኒ ገዳም ውጣ፤ ይህ ዳገት አጭርና መራራ ነው፤ ተራምደኸው ውጣ። ከገዳሙ ጀርባ ደኑ ይጀምራል፤ ከዚያ መንገዱ ሐይቁን በግራ አድርጎ በአፋፉ ላይ ፓላትሶሎ ወደሚባለው ቦታ ይሄዳል። በዛፎቹ መካከል ክፍተት በተገኘ ቁጥር ውኃው ከእግርህ በታች፣ ካስቴል ጋንዶልፎ ማዶ ይታያሉ። ቀይና ነጭ የተቀባውን ምልክት ተከተል፤ መንገዱ ሲከፈል ምልክት ካጣህ ወዳየህበት ተመለስ እንጂ ወደ ሐይቁ በሚወርድ ያልታወቀ መንገድ አትግባ፤ ግድግዳው በጣም ገደላማ ነው፣ ድንጋይም ይናዳል። ከከባድ ዝናብ በኋላ መንገድ መዘጋቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ከተለጠፈ አክብረው። ከፓላትሶሎ በመጣህበት ተመለስ። የእጅ ሰዓትህን አትመልከት፤ እግርህ የሚያርፍበትን ቦታ ተመልከት። አልባኖ ስትደርስ ጊዜ ከተረፈህ አጠገቧ ባለችው አሪቻ በዳቦ የሚሸጠው የአሳማ ጥብስ ስመ ጥር ነው፤ ጾም ከያዝህ ወይም አሳማ የማትበላ ከሆነ ዳቦውን በወይራ ዘይትና በቲማቲም እንዲያዘጋጁልህ ጠይቅ።