ኬሚስትሪውን ትቼ ሕግ ልማር?

ውድ ጠያቂያችን፣

በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር እንደቀረዎት፣ ሐይቆችንና ወንዞችን ከአዲስ ብክለት በሚጠብቅ ሥራ ላይ መሰማራት እንደሚፈልጉ፣ ሆኖም «ውሃን የሚያድነው ሕግ እንጂ ላብራቶሪ አይደለም» ተብለው ሕግ እንደገና ከሀ ለመጀመር እንዳሰቡ ጽፈውልኛል። የተባሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። ኬሚስትሪውን እንዲተዉ ግን አልመክርዎትም፤ በዚህ ዘርፍ ሕግ ጉልበት የሚያገኘው በቁጥር ሲጻፍ ነውና፣ ቁጥሩን የሚያወጣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይፈለጋል።

የቁጥሩን ነገር በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አልጌ የተባለውን አረንጓዴ የውሃ ተክል መሰል ነገር የሚያበዛውን ንጥረ ነገር፣ ፎስፈረስን፣ በአንድ ሊትር ከ1 ሚሊግራም በላይ እንዳይለቅ በፈቃዱ ላይ ተጽፏል እንበል። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ከለቀቀ ወደ ሐይቁ የሚገባው ፎስፈረስ እስከ 10 ኪሎግራም ይደርሳል። ጣቢያው ተስፋፍቶ ፍሳሹ እጥፍ ሲሆን ገደቡን ሳይጥስ 20 ኪሎግራም ሊለቅ ይችላል፤ አልጌውን የሚመግበው ደግሞ በአመዛኙ በጊዜ ሂደት ሐይቁ ውስጥ የሚገባው ጠቅላላ መጠን ነው። ስለዚህ ፈቃዱ በአንድ ሊትር ውስጥ ካለው መጠን በተጨማሪ በቀን የሚለቀቀውን ክብደት ካልገደበ፣ አዲሱ ብክለት በሕጋዊ በር ይገባል ማለት ነው። ይህን ክፍተት ረቂቁ ላይ እያለ የሚያይ ባለሙያ ከብዙ ክስ በፊት ሐይቁን አትርፏል።

ሕጉም ቢሆን ያለ እርስዎ ዓይነት ሰው አይሠራም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን የቬዘር ወንዝ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከጥራት መለኪያዎቹ አንዱ እንኳ በአንድ ደረጃ ዝቅ ካለ፣ የውሃው አጠቃላይ ደረጃ ባይለወጥም «መበላሸት» ነው ብሏል፤ ልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደ በስተቀር እንዲህ ያለውን መበላሸት የሚያስከትል ፕሮጀክት ፈቃድ ሊከለከል ይገባል። የፍርድ ቤት ቋንቋ ይምሰል እንጂ፣ መለኪያው ዝቅ ማለት አለማለቱን የሚያረጋግጡት ናሙና የሚወስዱና የሚመረምሩ ሰዎች ናቸው።

የዘርፉን ድካም ግን አልደብቅዎትም። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውሃ ሕግ ፈቃድ የሚጠይቀው ከቱቦና ከቦይ ለሚለቀቅ ፍሳሽ ሲሆን፣ ከእርሻ ማሳ በዝናብ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያ ከዚህ ግዴታ ውጭ ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በኢሪ ሐይቅ የአልጌ መርዝ ሳቢያ በቶሌዶ ከተማ የሚኖሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለቀናት የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጡ ሲነገራቸው፣ ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ይኸው የእርሻ ፎስፈረስ ነበር። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ለመድፈን ዓመታት ይፈጃል፣ አብዛኛው ቀንዎም የሚያልፈው ሠንጠረዥ በመሙላትና ለአስተያየት መልስ በመጻፍ ነው።

በመሆኑም ዲግሪዎን ይጨርሱ፤ በቀረዎት ሴሚስተር ስታቲስቲክስና፣ ከተገኘ፣ የአስተዳደር ሕግ መግቢያ ይውሰዱ። የመጀመሪያ ሥራዎን ሲፈልጉ «የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ» የሚለውን ሰፊ መጠሪያ ከማሳደድ ይልቅ የፍሳሽ ልቀት ፈቃድ የሚያዘጋጅ ወይም የሚቆጣጠር ክፍል ውስጥ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ይጠይቁ። ናሙና መያዝን አይናቁ፤ በጠርሙሱ ላይ ሰዓት ያልተጻፈበት ወይም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያልተፈረመበት ናሙና፣ ውጤቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ክርክር ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሕጉን ትምህርት ከሁለትና ከሦስት ዓመት ሥራ በኋላ ቢጀምሩት የትኛው አንቀጽ እንደሚያስፈልግዎት ያኔ ያውቁታል።

ከመወሰንዎ በፊት ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ የልቀት ፈቃድ ከዓመት ሪፖርቱ ጋር ያግኙና፣ በየወሩ የተለቀቀውን ክብደት ከላይ ባሳየሁዎት መንገድ ራስዎ ያስሉት። ስሌቱን ከማመልከቻ ደብዳቤዎ ረቂቅ ጋር ቢልኩልኝ ሁለቱንም አይቼ እመልስልዎታለሁ።