ጭብጨባው ሁለት፣ ፊደሉ አራት

ጥያቄ፦ የቃልን ድምፆች በጭብጨባ ስንቆጥር፣ አምስት ዓመት የሞላው ልጄ «መስኮት» ስለው ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል። መ፣ ስ፣ ኮ፣ ት ብዬ አራት እንዲያደርገው አርመዋለሁ፤ እሱ ግን አልለወጥም አለ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎ። እርስዎ ፊደል ቆጠሩ፣ እሱ የሰማውን ቆጠረ። ቃሉ በአፍ ሲወጣ «መስ–ኮት» ነው። እዚህ ላይ ስ እና ት አናባቢ ስለሌላቸው ቀድሟቸው በመጣው ድምፅ ላይ ተለጥፈው ያልፋሉ። ሳድስ ፊደል ሁለት ጠባይ አለው፤ የ«ድመት» ድ «እ» የምትል ድምፅ ይዛ ትሰማለች፣ የ«ወንበር» ን እና ር ግን ባዶ ናቸው። ጽሑፋችን ሁለቱን አይለይም፤ ጆሮ ይለያል። ልጁን በፊደል ቁጥር ደጋግመው ካረሙት ጆሮውን ማመን ይተዋል፤ ማንበብ ሲጀምርም «መ… ስ… ኮ… ት» እያለ ይቆራርጥና መጨረሻው ላይ ቃሉን ያጣዋል።

ራስዎን ለመፈተን የእጅዎን ጀርባ ከአገጭዎ ሥር ያድርጉና ቃሉን ረጋ ብለው ይበሉ። አገጭ ወደ እጅ በወረደ ቁጥር አንድ ብለው ይቁጠሩ፦ በር አንድ፣ ወንበር ሁለት፣ አበባ ሦስት። በ«እ»፣ በ«ኢ» እና በ«ኡ» ላይ አገጭ እምብዛም ስለማይወርድ «ድመት»ንና «ውሻ»ን ለኋላ ያቆዩ። «ድመት» ሌላም ጣጣ አለባት፤ ም ስለሚጠብቅ ለሁለት ተካፍሎ «ድም–መት» ይሆናል። ልጁ አንድ ቀን «ድምመት» ብሎ ቢጽፍ አይቆጡ፣ በደንብ ሰምቷል ማለት ነው።

በቀን አምስት ደቂቃና ስድስት ቃል ይበቃል፤ ደብተርም እርሳስም አያስፈልግም። መጀመሪያ ማጣመር ይቅደም፦ እርስዎ «መ–ኪ–ና» ብለው በየመሀሉ አንድ ሰከንድ ያህል ያርፋሉ፣ እሱ ቃሉን ይገጥመዋል። ይህ ሲቀለው መነጠል ይከተላል፦ እርስዎ «መኪና» ይላሉ፣ እሱ «መ–ኪ–ና» ብሎ ይከፋፍለዋል። ከሁሉ የሚከብደው መቀነስ ነው፦ «ከመኪና ላይ መ ብትጠፋ ምን ይቀራል?» ወደዚህ ለመድረስ አይቸኩሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሀሁን እስከ መጨረሻው በቃሏ ትወጣዋለች። «ዝናብ በምን ይጀምራል?» ስላት ግን «በደመና» አለችኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መልሷ ትክክል ነው፤ ግልጽ ያልነበረው ጥያቄው ነው። «ይጀምራል» ስንል ስለ ቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ እያወራን መሆኑን ገና አታውቅም። ከመጠየቅ ያሳዩዋት። «ዝዝዝናብ፣ ዝዝዝሆን» ብለው ያስረዝሙና «አፌ ምን እያደረገ ነው?» ይበሏት። ሲጎተቱ ድምፃቸው በማይቋረጥ ይጀምሩ፦ ዝ፣ ስ፣ ሽ፣ ም፣ ን፣ ል፣ ፍ። ብ፣ ት እና ክ ስለማይጎተቱ ይቆዩ።

በቃል መውጣቱ ብቻውን ዜማ ነው፣ የፊደል ገበታው ግን ጥሩ መጫወቻ ይሆናል። ወደ ጎን «ለ ሉ ሊ ላ» ሲሉ የማይለወጠው ተነባቢው ነው። ወደ ታች «ላ፣ ማ፣ ራ፣ ሳ» ሲሉ ደግሞ የማይለወጠው «አ» ነው። ልጆች ብዙ ጊዜ ወደ ጎን ብቻ ስለሚለማመዱ አናባቢውን ለይተው ሰምተውት አያውቁም። ከዚያ ቃሉን በሙሉ በአንድ አናባቢ መናገር ነው፦ መኪና በካዕብ «ሙኩኑ»፣ በራብዕ «ማካና»፣ በሳብዕ «ሞኮኖ»። ሳሙናም ለዚህ ይመቻል። «ወንበር» ግን ጨዋታውን ያበላሸዋል፤ ባዶዎቹ ን እና ር አናባቢ ሲጨመርላቸው ቃሉ ይረዝማል። በሀ እና በአ ቤትም አይጀምሩ፤ የሁለቱም ግዕዝና ራብዕ (ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ) በአነጋገር አንድ ነው። ሁላችንም የምንጀምርበት መስመር ለዚህ ሥራ የማይመቸው ሆኖ መገኘቱ ያስቃል። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ የጽሕፈት ጉዳይ ስለሆኑ እዚህ አይነሡ።

ጥያቄ፦ ልጄ «ነቃ» ለማለት «ነካ» ይላል፤ «መጣ»ም «መታ» ይሆንበታል። አይሰማውም ወይስ መናገር አቅቶት ነው?

መልስ፦ ሁለቱን ሳይለዩ ማለማመድ ልፋት ነው። ሁለት ሥዕል ይሥሩ፦ አንዱ ከእንቅልፉ የነቃ ልጅ፣ ሌላው በጣቱ ግድግዳ የነካ። ከንፈርዎን እንዳያይ አፍዎን በወረቀት ከልለው ቃላቱን ያለ ተራ እያቀላቀሉ አሥር ጊዜ ይበሉ፤ እሱ ይጠቁም። ዘጠኝ ወይም አሥር ካገኘ ጆሮው ደህና ነው፤ ምላሱ ነው ያልደረሰው። ያኔ ማረም ሳያበዙ እርስዎ በትክክል ይመልሱለት፦ «አዎ፣ ነቃ»። አምስት ስድስት ካገኘ ግን በግምት ነው የጠቆመው፤ ከሁለት አንዱን በዕድል ማግኘት ቀላል ነው። በሌላ ቀን ደግመው ያው ከሆነ፣ በተለይ ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመረቅዝ ልጅ ከሆነ፣ ከጨዋታው በፊት የመስማት ምርመራ ይደረግለት።